ሰንጢ፦ ለሥራ ወይስ ለፍርሃት?



በከተሞቻችን «ሰንጢ» የሚለው ቃል ስሙ ጠፍቷል። አንድ ወጣት ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ተገኘ ሲባል «ምን ሊቆርጥበት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ማንን ሊወጋበት ነበር?» ነው የሚባለው። ሰውም አይፈረድበትም፤ የሚሰማው ወሬ እንደዚያ ነውና። እኔ ግን ሰንጢ ወዳጅ ነኝ። በመስጂዳችን የኢማሙ ረዳት ሆኜ ሳገለግል ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከሱብሒ እስከ ዒሻእ ከኪሴ አንዲት ትንሽ ታጣፊ ቢላ አትጠፋም። ዛሬ ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ፣ ቢላ የሚያውቁና የሚሰበስቡ ሰዎችም ስለሚሉት ነገር ላጫውታችሁ። የቢላ ወሬ ብቻ ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ወደ እናንተው ኪስ ይመጣል።

መጀመሪያ የአንድ ሳምንት ሥራዋን ልዘርዝር። ሰኞ የድምፅ ማጉያው ሶኬት ብሎን ላልቶ አዛኑ ይቆራረጥ ነበር፤ ከኤሌክትሪክ ነቅዬ በመፍቻዋ አጠበቅሁት። ማክሰኞ የስፒከር ገመድ ተበጠሰ፤ ልጣጩን ገፍፌ ቀጠልኩት። ረቡዕ የምንጣፉ ጠርዝ ክር እየተመዘዘ የሰጋጁን ጣት ሲይዝ ቆረጥኩት። ሐሙስ ለቁርኣን ቤት ልጆች እርሳስ ቀረጽኩ። ጁምዓ አንድ አባት ከስተው ቀበቷቸው ሰፍቷቸው ነበር፤ በመብሻዋ አንድ ቀዳዳ ጨመርኩላቸው። ቅዳሜ ብርቱካን ላጥኩባት። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ የቴምሩን ካርቶን ሁሉ የምትከፍተው እሷ ናት። በዚህ ሁሉ መሃል ሳወጣት አይቶ የደነገጠ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሕፃናቱ እንኳ «ኡስታዝ፣ ያቺን ነገር አውጣት!» እያሉ እርሳሳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ።

ከሰንጢ ጋር የተዋወቅሁት መድረሳ ነው። ወሎ ገጠር ደረሳ ሳለን ሉሕ ላይ የምንጽፈው በመቃ ብዕር ነበር። መቃ ደግሞ እንዲሁ አይጽፍም። ጫፉ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከዚያ ቀለም እንዲይዝ መሃሉ በጥንቃቄ ይሰነጠቃል። ሸኻችን ለዚህ ሥራ የምትሆን ትንሽ ታጣፊ ቢላ ነበረቻቸው። መያዣዋ ቀንድ ነው፤ ስለቷ ከመሳል ብዛት ቀጥና እንደ ቅጠል ሆናለች። እሷን ለመንካት ተራ የሚደርሰው ለዓመት ያህል ሲቀርጹ ያየ ደረሳ ነበር። ቆሞ መቅረጽ የለም፤ ተቀምጠህ ነው። ወደ ራስህ መቁረጥ የለም፤ ወደ ውጭ ነው። ጨርሰህ ስትመልስላቸው ታጥፋ መሆን አለባት። ይህ ሁሉ ሥርዓት ሲፈጸም ስለ ጠብ አንድም ቃል አይነሳም። ቢላዋ የዒልም ዕቃ ነበረች፤ ከቀለሙ፣ ከሉሑና ከመቃው እኩል።

ኋላ ላይ ሳነብ ይህ የእኛ ገጠር ልማድ ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ። እንግሊዞች ትንሿን ታጣፊ ቢላ እስከ ዛሬ «የብዕር ቢላ» ብለው ነው የሚጠሯት፤ ሰው በወፍ ላባ ይጽፍ በነበረበት ዘመን የላባውን ጫፍ የሚቀርጹት በእሷ ስለነበር ነው። በዑስማኒዮቹ ሀገር ደግሞ የመቃ ብዕር መቅረጫ ቢላ ብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቢላዋን «ቀለምትራሽ» ይሏታል፣ ሠሪውም ስሙን ስለቷ ላይ ያትም ነበር። እንግዲህ የትንሿ ቢላ ዘር ማንዘር ቢቆጠር አንዱ ሐረግ የሚደርሰው ጸሐፊዎችና ዑለማዎች ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ኪሴ ቢላ ልመለስ። ከጅዳ የተመለሰ አንድ ወንድም በስጦታ የሰጠኝ የስዊዝ ሥራ ናት። ብዙዎቻችሁ ቀይ መያዣ ያላትን ታውቋት ይሆናል፤ የእኔዋ ብርማ አሉሚኒየም ናት። የዚህች ቢላ ታሪክ ደስ ይላል። በ1889 (እ.ኤ.አ) የስዊዘርላንድ ጦር አዲስ ጠመንጃ ተቀበለ። ጠመንጃውን ፈትቶ ለማጽዳት መፍቻ ያስፈልጋል። ወታደሩ የሚሰጠው ምግብም በቆርቆሮ የታሸገ ስለሆነ መክፈቻ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጦሩ ለእያንዳንዱ ወታደር አንዲት ታጣፊ ቢላ ለመስጠት ወሰነ፦ አንድ ስለት፣ አንድ መብሻ፣ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ አንድ መፍቻ። መያዣዋ እንጨት ነበር። በሀገሩ ያን ያህል ብዛት የሚያመርት ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ 15,000 ቢላዎች የተሠሩት ጀርመን ሀገር ዞሊንገን ከተማ ነው። በ1884 ኢባክ በምትባል ቦታ የቢላ መሥሪያ የከፈተው ካርል ኤልሰነር ግን ይህ ነገር ቆጨው። ሌሎች ባለሙያዎችን አስተባብሮ ከ1891 ጀምሮ ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለችውን፣ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ የተጨመረባትን «የመኮንኖች ቢላ» አስመዘገበ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስታርፍ በስሟ ሰየማት፤ የማይዝግ ብረት ሲመጣ በ1921 «ኢኖክስ» የሚለው ተጨምሮ ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቢላዋ የተወለደችው ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው፤ ግን ለመዋጋት አይደለም። ለመዋጋት ወታደሩ ጠመንጃና ሳንጃ ነበረው። ኪሱ ውስጥ የገባችው ምግቡን ለመክፈትና ዕቃውን ለመጠገን ነው። ሠራዊት እንኳ የሥራውን ስለትና የውጊያውን ስለት ለይቶ ነበር የሚያስቀምጠው።

የእኔዋ ዓይነት፣ በአሉሚኒየም የተሠራችው የወታደር ቢላ በ1961 የወጣች ናት። ርዝመቷ ታጥፋ 9.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ሥራዋ ያው አራት ነው፦ ስለት፣ መብሻ፣ ጫፉ ትንሽ መፍቻ የሆነ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ጫፉ ትልቅ መፍቻ የሆነና የገመድ መግፈፊያ ያለው የጠርሙስ መክፈቻ። በ2008 ጦሩ በሌላ፣ ተለቅ ባለችና በምትቆለፍ ቢላ እስኪተካት ድረስ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሳትለወጥ ቆየች። ለሲቪል የምትሸጠው እህቷ «ፓዮኒር» ትባላለች። ቢላ ወዳጆች ስለ ቀላል የኪስ ቢላ ሲያወሩ ይህቺ ስም ሳትነሳ አትቀርም።

የቢላ ወዳጆች ነገር ይገርማል። ብዙዎቹ የሚናገሩት የሕይወት ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ወይም አያቱ አንዲት ትንሽ ቢላ ይሰጡታል። ሲያድግ ትተወዋለች፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በአንድ እጅ ጣ ብላ የምትከፈት፣ ፊልም ላይ የምትታይ ዓይነት ይገዛል። ከዚያ ብረቷ የበለጠ ውድ የሆነ ሌላ ይገዛል። መሳቢያው ይሞላል። ከብዙ ገንዘብና ከብዙ ዓመት በኋላ ጠዋት ከቤት ሲወጣ እጁ የሚያነሳው ያቺኑ ባለ አራት ሥራ ቢላ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያታቸውን ስሰማ አራት ነገር አገኛለሁ።

አንደኛው የስለቷ ቅጥነት ነው። ለጠብ ወይም ለዱር ተብለው የሚሸጡት ቢላዎች ስለታቸው እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ያ ጥንካሬ ይመስላል፤ ሲሠሩበት ግን ፖም አይቆርጥም፣ ይፈልጣል። የእኛዋ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ ስለዚህ ቲማቲም ሳትጨፈልቅ ትቆርጣለች።

ሁለተኛው ብረቷ ነው። የብረት ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል፤ የእሷ 56 አካባቢ ነው። አሁን የሚወደሱት ውድ ብረቶች ከ60 በላይ ናቸው። ጠንካራው ብረት ስለቱን ረዥም ጊዜ ይይዛል፤ ሲደነዝ ግን ልዩ መሳያ ይጠይቃል፣ ጫፉም ይሸረፋል። የእሷ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ግን በማንኛውም ድንጋይ በ5 ደቂቃ ይሳላል። ድንጋይ ባይኖር እንኳ የሸክላ ስኒ ገልብጣችሁ ያልተቀባው ሻካራ ጠርዙ ላይ ብታመላልሱት ይመለሳል። ለእኔ ይህ የሁሉም በላጭ ነው፤ በሀገራችን ውድ መሳያ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። ቬንገር የተባለው ሌላው የስዊዝ ኩባንያ 87 መሣሪያዎች ያሉባትን ግዙፍ ቢላ ሠርቶ ነበር። ዓለም ተደነቀባት፤ ኪሱ የከተታት ሰው ግን የለም፣ አትገባማ! እያንዳንዱ ተጨማሪ መሣሪያ ቢላዋን ያወፍራታል፤ የወፈረች ቢላ ቤት ትቀራለች፤ ቤት የቀረች ቢላ ደግሞ በተፈለገች ሰዓት የለችም።

አራተኛውን ቢላ ወዳጆች በተለያየ ቃል ይሉታል፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ሰው አታስፈራም። ቢሮ ውስጥ ፖስታ ስትከፍትባት፣ ታክሲ ውስጥ ለአንዲት እናት የማዳበሪያ ክር ስትቆርጥባት ማንም ከአጠገብህ አይሸሽም። እነዚህ ሰዎች የቢላ ፍቅር የጎደላቸው አይደሉም፤ ከማንም በላይ ቢላ የሚወዱ ናቸው። ይህን እንደ ጥሩ ጠባይ መቁጠራቸው ነው ልቤን የነካው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አይስማማም። ወቀሳዎችም አሉ፤ ብዙዎቹም ልክ ናቸው። ስለቷ በስፕሪንግ ጉልበት ብቻ ነው የምትቆመው፤ የሚቆልፋት ነገር የለም። ጫፏን ይዘህ ወደ ፊት ከገፋህ ልትታጠፍና ጣትህን ልትቆርጥ ትችላለች። ለመክፈት ሁለት እጅና ጥፍር ትፈልጋለች። አሉሚኒየሟ እጅ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ጉጠትም የላትም። በዚህ በመጨረሻው የተነሳ ነው አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ ሲዞር በኪስ ቢላው መኪናዋን መጠገን ሲያቅተው ጉጠት ያለበት የኪስ መሣሪያ ያሰበው፤ ዓመታት ደክሞበት በ1983 ለገበያ አወጣው። ዛሬ መካኒክና ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው የእሱን ዓይነት ቢመርጥ ማንም አይፈርድበትም።

የመቆለፊያው ነገር ግን ሌላም ፊት አለው። አሮጌዎቹ ወዳጆቿ «የማትቆለፍ ቢላ አያያዝ ታስተምርሃለች» ይላሉ። ልክ ናቸው። እየሳብክ ስትቆርጥ አትታጠፍም፤ የምትታጠፈው ስትወጋ ነው። ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አልተሠራችም። ሕግም ይህን ልዩነት ያየበት ቦታ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ታጣፊ ቢላ በአደባባይ መያዝ ይፈቀዳል፤ የሚቆለፍ ከሆነ ግን በቂ ምክንያት አለህ ወይ ተብለህ ትጠየቃለህ። እዚያ የምትኖሩ ወንድሞች ይህን ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

የቡሽ መንቀያውን ነገር የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። «ኡስታዝ፣ የወይን ጠርሙስ መክፈቻ ያለበት ቢላ ይያዛል ወይ?» ይላሉ። የወታደሯ ቢላ መጀመሪያም አልነበራትም፤ የመኮንኖቹ ናት ያላት። ከቀዮቹ መካከል «ስፓርታን» የምትባለው መንቀያ ሲኖራት፣ «ቲንከር» የምትባለው በእሱ ቦታ የመስቀለኛ ብሎን መፍቻ አላት። ለእኛ ቤት ሥራ የትኛዋ እንደምትጠቅም ግልጽ ነው። መንቀያ ያላት በስጦታ የደረሰችው ሰው ደግሞ አይጨነቅ፤ የጠበቀ የገመድ ቋጠሮ ለመፍታት እንደሷ ያለ የለም። የመነጽር ብሎን የምታጠብቅ ሚጢጢ መፍቻም እዚያው ጠመዝማዛው ውስጥ ትገባለች።

ከስዊዞቹ ሌላ ሁለት የፈረንሳይ ቢላዎችን ላንሳ፤ ሁለቱም የገበሬ ቢላዎች ናቸው። አንደኛው ኦፒኔል ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ሳቫዋ በሚባለው ተራራማ አገር የሠራው ነው፤ አንድ የእንጨት መያዣ፣ አንድ ስለት፣ በቃ። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ 12 በመጠን ተከፋፈለ፤ በ1955 ስለቱን የሚይዝ የሚዞር ቀለበት ተጨመረበት። ሥራው አንድ ብቻ ስለሆነ ቢላ ወዳጆች «ሽንኩርት የሚቆርጥ የኪስ ቢላ» ብለው ያሞግሱታል። ጉድለቱ እንጨቱ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ስለቱን አላስከፍት ማለቱ ነው፤ የሳቫዋ ሰዎች ያኔ የመያዣውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ቆም ቆም ያደርጉትና ስለቱ ብቅ ይልላቸዋል።

ሁለተኛው ዱክ ዱክ ይባላል። በ1929 ቲዬር በምትባለው የቢላ ሠሪዎች ከተማ ነው የወጣው። መያዣው የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ዋጋው ርካሽ፤ የደሀ ቢላ ነበር። ሰሜን አፍሪካ ገብቶ በገበሬውና በእረኛው ዘንድ ተወደደ። ያው ፋብሪካ «ኤል በረካ» የሚል ስም የሰጠውም ወንድም አለው። በረካ! አስቡት፤ ዳቦ የሚቆረጥበት፣ በግ የሚገፈፍበት ቢላ። ከ1954 እስከ 1962 በነበረው የአልጄሪያ ጦርነት ግን ያው ዱክ ዱክ የሰው መግደያ ሆነ፤ ስሙም ከደም ጋር ተያያዘ። ብረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሰው ከቤት ሲወጣ ለምን እንደያዘው ነው።

እንግዲህ የምፈልገው ነጥብ ላይ ደረስኩ።

መስጂዳችን ውስጥ ጀናዛ ከሚያጥቡት አንዱ እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰንጢ የተወጋ ወጣት አጥበናል። ሃያ ዓመት አልሞላውም። ቁስሉ ከሁለት ጣት ስፋት አይበልጥም ነበር። ውሃውን ሳፈስ ዓይኔ ከዚያች ቦታ አልነቀል አለ፤ እንዲህ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ይህ ሁሉ ጉልምስና ወጣ? አባቱ በር ላይ ቆመው «ጨረሳችሁ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ጠቡ የተነሳው በስልክ ምክንያት ነው አሉ። ከቀብር በኋላ ደግሞ ጓደኞቹ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሟቹም በኪሱ ሰንጢ ነበረው። ለመከላከል ብሎ የያዘው ነው። አላወጣውም፤ ወይም አልደረሰለትም። የወጋውም ልጅ የያዘው ለመከላከል ነበር አሉ። ሁለት የፈሩ ልጆች፣ ሁለት ሰንጢ። አላህ ሟቹን ይማረው፤ ለወላጆቹም ሶብር ይስጣቸው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ፣ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ከመግሪብ በኋላ ጥግ ላይ ጠራኝ።

«አጎቴ፣ አንተ ቢላ ታውቃለህ አይደል? ይቺን እያት» አለኝ።

ጥቁር ናት። ቁልፏን ሲነካት ስለቷ ትወረወራለች። ጀርባዋ እንደ መጋዝ ተተርትሯል። ተቀብዬ አየኋት፤ ቢላ እንደሚያውቅ ሰው ነው ያየኋት እንጂ አልተቆጣሁትም።

«ምን ምን ቆረጥክባት?» አልኩት።

«እስካሁን ምንም።»

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«አራት ወር።»

ብርቱካን ነበረን። መጀመሪያ በእሱ እንዲልጥ ሰጠሁት፤ ልጣጩ ተቀዳደደ፣ ጭማቂው እጁ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የእኔን ሰጠሁት፤ ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ ላጠው። ሳቀ። «ታዲያ ያቺን ለምን ያዝካት?» አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ትንሽ ዝም ብሎ «ማታ ከትምህርት ስመለስ መንገዱ ጨለማ ነው» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ ይህ መልስ እውነተኛ ነው። ጨለማው አለ፤ ስልክ የሚነጥቅም አለ። «አትፍራ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ያጠብኩትን ልጅ ነገርኩት፤ ቁስሉን በጣቴ ለክቼ አሳየሁት። ቢላ ማውጣት ስልክ ሊያስጥል የነበረን ጠብ ሕይወት ወደሚያስጥል ጠብ እንደሚያሳድገው፣ ጨለማ ውስጥ ከእጅ ነጥቆ የሚመልስብህ ሊኖር እንደሚችል ነገርኩት። መሮጥና መጮህ ነውር እንዳልሆነም ነገርኩት። ስልክ በገንዘብ ይተካል።

በነጋታው የማታ ተማሪ የሆኑትን የሰፈር ልጆች ሰበሰብን። አምስት ናቸው፤ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፣ ግን ለየብቻ ነበር የሚመለሱት። አሁን ተጠባብቀው አብረው ይመጣሉ፤ አንዱ የእጅ ባትሪ ይይዛል። ጥቁሯን ቢላ የት እንዳደረጋት አልጠየቅሁትም። እሱ ግን «አጎቴ፣ ያንተ ዓይነት ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሃይማኖታችንም ስለ ስለት አያያዝ ዝም አላለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመስጂድ ወይም በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ጫፉን እንዲይዝ አዘዋል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበልን ከልክለዋል። በቀልድም ቢሆን ብረት ወደ ወንድም ማመላከትን አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ለእርድ ደግሞ ቢላው በደንብ እንዲሳል፣ እንስሳው እንዳይሠቃይ አዘዋል። ስለዚህ ለኡድሒያ የኪስ ቢላ አታውጡ። ደም የሚያፈስ ስለት ሁሉ፣ ጥርስና ጥፍር ሲቀር፣ የተፈቀደ ቢሆንም፣ አጭር ስለት ሥራውን ያራዝማል፤ ለዚያ በደንብ የተሳለ ካራ አለ። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ዕቃ አለው።

ለሥራ ብሎ ሰንጢ መያዝ ለሚፈልግ ወንድም ወይም እህት ከልምዴ ጥቂት ልበል። ያለፈውን አንድ ወር አስብ፤ ቢላ የፈለግህባቸውን ጊዜያት ቁጠር። ፍሬ፣ ካርቶን፣ ገመድ፣ ብሎን ከሆነ ትንሿ ትበቃሃለች። አንድም ካላገኘህ አያስፈልግህም፤ ገንዘብህን ለሌላ አውለው። ከገዛህ ስለቷን ጠብቅ፤ የደነዘ ቢላ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያንሸራትትና ቶሎ እጅ ይቆርጣል። በሞረድ ስትስል በአንድ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብላት። ማጠፊያዋ ሲከብድ በሞቀ ውሃ እጠባት፣ አድርቀህ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርግባት። ለሰው ስትሰጥ አጥፈህ ስጥ። ፍተሻ ወዳለበት ቦታ፣ ባንክም ይሁን ስታዲየም፣ ስትሄድ ቤት ተዋት። ለዑምራና ለሐጅ የምትጓዙ ደግሞ በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ ኤርፖርት ይወስዱባችኋል። ስትናደድ ወይም ሰው ልትጋፈጥ ስትሄድ ደግሞ ፈጽሞ ኪስህ ውስጥ አትሁን።

በ2024 የቪክቶሪኖክስ ኃላፊ ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያ ለመሥራት እያሰቡ መሆናቸውን ተናግረው ነበር፤ በየሀገሩ በቢላ ላይ የሚወጣው ሕግ እየጠበቀ ስለመጣ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ለወታደር፣ ለገበሬና ለተማሪ ዳቦ ለቆረጠች ቢላ ስለት የሌላት እህት ታስባላት ነበር። ያን ዜና ሳነብ ሸኻችን መቃ የሚቀርጹባት ቢላ ነው ትዝ ያለችኝ፤ ቀጥሎም የዚያ ልጅ አባት። ኪሳችሁን ዳሱና ያለውን ነገር ለምን እንደያዛችሁት ራሳችሁን ጠይቁ። በፍርሃት የያዛችሁ ካላችሁ ለአባት፣ ለታላቅ ወንድም ወይም በሰፈራችሁ መስጂድ ላለ ኡስታዝ ንገሩ። ብቻችሁን ጨለማ አትግቡ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።